ዳይሬክተር መሆን ለምታስቡ አስተማሪዎች

ማስታወቂያ ሲለጠፍ ከመሯሯጥ ከአሁኑ ጀምሩ። ያ በዓመት 60 ሰዓት የሚባለው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ፋይል፣ ብዙዎቻችን ሰኔ ላይ ከጓደኛ የምንገለብጠው (አትዋሹ 😄)፣ እሱን በየወሩ የምር ሙሉት፣ ሰርተፍኬቶቻችሁንም ኮፒ አድርጋችሁ አንድ ቦታ አስቀምጡ። ፒጂዲኤስኤል (የትምህርት ቤት አመራር የድህረ ምረቃ ዲፕሎማ) እድሉን ካገኛችሁ ግቡ፣ ግን ስልጠናው ብቻውን አያዋጣም። ዩኒት ሊደርነት (የተወሰኑ ክፍሎችን የማስተባበር ኃላፊነት) ሲመጣ አትሽሹ፣ የወተመህ (የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት) ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ ንብረት ክፍል ጎራ እያላችሁ ደሞ እቃ ሲገባ ሞዴል 19 የሚባለው ቅጽ፣ ሲወጣ ሞዴል 22 እንዴት እንደሚሞላ እዩ። እኔ ምክትል ዳይሬክተር በሆንኩ በሳምንቴ ዴስክ መጣና ፈርም ሲሉኝ ሳልቆጥር ፈረምኩ፣ ስድስት ጎደለ፣ እስክናገኘው እንቅልፍ አልነበረኝም።