የአየር ግፊትን ስናነብ የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

አዲስ አበባ ሆናችሁ የአየር ሁኔታ አፕ ስትከፍቱ ግፊቱ ከ1010 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ) በላይ ነው ይላችኋል። ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ያለው ስልክ ደግሞ ራሱ ለክቶ 770 ገደማ ያሳያል። አንዱ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች እላያችን ያለው አየር ያነሰ ነው፣ ትክክለኛው ግፊት 770ው ነው። አፑ የሚሰጣችሁ ቦታው ባሕር ጠለል ላይ ቢሆን ኖሮ የሚኖረውን ቁጥር ነው፣ ከተማን ከከተማ ለማወዳደር እንዲመች። ከአውሮፓ የመጣ የግድግዳ ባሮሜትር ሳታስተካክሉ ብትሰቅሉማ፣ ውጭ ጠራራ ፀሐይ እያለ ቀስቱ «ማዕበል» የሚለውን አልፎ ይሄዳል።

«ግፊት ወረደ፣ ዝናብ መጣ» የሚለውም እኛ ጋ ብዙ አይሠራም። ለምድር ወገብ በቀረቡ አገሮች ፀሐይ አየሩን ስለምታሞቀው ግፊቱ በየቀኑ ሁለቴ ይወጣል፣ ሁለቴ ይወርዳል፤ ጠዋትና ማታ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ከቀትር በኋላና ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የጠዋቱን ከከሰዓቱ አታወዳድሩ። የዛሬን 4 ሰዓት ከትናንት 4 ሰዓት ጋር አስተያዩ። ክረምታችን የሚመጣው በአንድ ከሰዓት በወረደች ሁለት ሄክቶፓስካል ሳይሆን፣ በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ከማስካሪን ደሴቶች አጠገብ የሚቀመጠው ከፍተኛ ግፊትና በጋለው የአረቢያና የሰሃራ ምድር ላይ የሚፈጠረው ዝቅተኛ ግፊት ለወራት በሚነዱት ንፋስ ነው።

ተራራ ላይ የኦክስጅን ድርሻ ይቀንሳል የሚሉም አሉ። አይቀንስም፣ ራስ ዳሽን ላይም 21 በመቶ አካባቢ ነው። የቀነሰው ግፊቱ ነው፣ ከ600 ሄክቶፓስካል በታች ስለሚሆን በአንድ ትንፋሽ የሚገባው አየር ያንሳል።

ባቄላው አልበስል ሲል እሳት መጨመርም ያው ስሕተት ነው። አዲስ አበባ ግፊቱ ዝቅ ያለ በመሆኑ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ምንም ብታነዱ ከዚያ አይሞቅም፣ የግፊት ድስት ካልገዛችሁ በቀር።

ዓሣ አጥማጆች የሚወዷት አንድ አለች፦ ግፊት ሲወርድ ዓሣው ይታመማል፣ አይበላም። እስቲ አስሉት። አንድ ሴንቲ ሜትር ውሃ አንድ ሄክቶፓስካል ያህል ይጫናል። ጣና ውስጥ ያለ ዓሣ ግማሽ ሜትር ወደ ላይ ቢዋኝ 50 ሄክቶፓስካል ያህል ይቀልለዋል፣ የአየሩ ለውጥ ግን እዚያ በቀን ከጥቂት ሄክቶፓስካል አያልፍም። ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ንፋሱንና ደመናውን ቢጠረጥር ይሻለዋል። ይህ ማለት ግን እንስሳት ግፊት አይሰማቸውም ማለት አይደለም፤ ጉሮሮዋ ነጭ የሆነች አንዲት የሰሜን አሜሪካ ድንቢጥ በተዘጋ ክፍል ግፊቱ ሲቀነስባት ቶሎ ወደ ምግቧ ሄዳለች።