ካርቶኑ አልጋ ሥር ሳይገባ፦ በራስዎ ወጪ መጽሐፍ ሲያሳትሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአገራችን መጽሐፍ ማሳተም ማለት አብዛኛውን ጊዜ ከራስ ኪስ ማሳተም ነው። ጸሐፊው ይጽፋል፣ ይበደራል፣ ማተሚያ ቤት ይመላለሳል፣ ከዚያ መጽሐፉን በፌስታል ይዞ ከመደብር መደብር ይዞራል። እኔም በዚሁ መንገድ ሁለት መጽሐፍ አሳትሜያለሁ። በሁለቱ መካከል ግን 4 ዓመት ሙሉ አንድ ገጽ አልጻፍኩም። ሐሳብ ጠፍቶብኝ አልነበረም፤ ከታች ያሉትን ስህተቶች አንድ በአንድ ሠርቻቸው ነው።

ረቂቁ ሳያልቅ ምረቃ መደገስ

ሽፋን አሠርቶ ፌስቡክ ላይ «በቅርብ ቀን» ማለት ደስ ይላል። እንኳን ደስ አለህ፣ እንኳን ደስ አለሽ ይጎርፋል። ግን ምስጋናውን አስቀድመው በልተውታል፤ ሥራው ገና ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘዎት ሁሉ «መጽሐፉስ?» ይላል፣ እርስዎም መንገድ መቀየር ይጀምራሉ። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክር አዳራሽ ቀን ይዘው ከሆነማ የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ለቀኑ ሲባል ይጻፋሉ። ቀን የሚቆረጠው እርማቱ ካለቀ በኋላ ነው።

እየጻፉ ማረም

ይህ የየትኛውም ቋንቋ ጸሐፊ ችግር ቢሆንም አማርኛ ላይ የራሱ መልክ አለው። ዓረፍተ ነገሩ እየፈሰሰ ሳለ «ሥራ» ነው «ስራ»? «ፀሐይ» ነው «ጸሐይ»? ብለው ይቆማሉ። መዝገበ ቃላት ይገለጣል፣ ሌላ መዝገበ ቃላት ደግሞ ሌላ ይላል፣ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ገጸ ባሕርይዋ በሩ ላይ እንደቆመች ትቀራለች።

እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ሞክሼ ፊደላት ያሉባቸውን አጠራጣሪ ቃላት አንድ ጊዜ ወስኜ ደብተሬ ጀርባ ላይ እጽፋቸዋለሁ። ረቂቁን ግን እጄ እንዳመጣልኝ እጽፋለሁ። ሁሉም ሲያልቅ ኮምፒውተሩ እየፈለገ እንዲተካ አደርጋለሁ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ እኛ ጸ እና ፀን መንታ አድርገን ብናነብም ለኮምፒውተሩ በ እና ከን ያህል የተለያዩ ናቸው። «መፅሀፍ» ብለው ቢፈልጉ «መፅሐፍ» እና «መጽሀፍ» ተደብቀው ይቀራሉ፤ እያንዳንዱን በየተራ መፈለግ ነው። ደግሞም «መፅሀፉ»፣ «መፅሀፌ» ሲሆን የመጨረሻው ፊደል ስለሚለወጥ «መፅሀ» ድረስ ብቻ ጽፎ መፈለግ ይሻላል። ይህቺን ዘዴ ሳላውቅ ለአንድ መጽሐፍ ሦስት ሳምንት በዓይኔ ለቅሜያለሁ።

በነገራችን ላይ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ ኮድ) ባልሆነ የድሮ ፎንት አይጻፉ። ፋይሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ምልክቶች ዝርግፍ ሆኖ ይጠብቅዎታል።

ወዳጅን አርታኢ ማድረግ

ጓደኛ «አሪፍ ነው» ይላል። እናት ታለቅሳለች። ሁለቱም እርማት አይደለም። ለአርታኢ የሚከፈለው ገንዘብ ከሽፋኑ ሥዕል በፊት ይመደብ። አቅም ከሌለ ከሌላ ጸሐፊ ጋር በወንፈል ይሥሩ፦ የእሱን ረቂቅ እርስዎ፣ የእርስዎን እሱ።

በአንዱ ቅጂ ዋጋ መታለል

ማተሚያ ቤት ሲሄዱ «500 ከሆነ አንዱ በዚህ፣ 3000 ከሆነ በዚህ» ይባላሉ። ብዙ ሲያሳትሙ የአንዱ ዋጋ መውረዱ እውነት ነው፤ የፕሌቱ (ገጹ ተቀርጾ የሚታተምበት ሰሌዳ) እና ማሽኑን የማሰናዳቱ ወጪ ለ500ም ለ3000ም ያው ስለሆነ ለብዙ ሲካፈል ይቀላል። ወረቀቱ ግን በቅጂው ልክ ይጨምራል፣ የሚገባውም በውጭ ምንዛሬ ነው። ስለዚህ የሚረክሰው አንዱ ቅጂ እንጂ ከኪስዎ የሚወጣው ጠቅላላ ብር አይደለም።

ለመጀመሪያው መጽሐፌ 2000 ቅጂ አሳተምኩ። አልጋ ሥር ሞላ፣ ኮሪደሩ ላይ ተደረደረ። ባለቤቴ የቀረውን ካርቶን ጨርቅ አልብሳ መቀመጫ አደረገችው፤ እንግዳ መጥቶ ሲቀመጥበት ትጠቅሰኛለች። ማታ ልጽፍ ስቀመጥ እግሬ ካርቶን ይነካል፣ ወዲያው «ያኛው ሳይሸጥ ይሄኛው ለማን ነው?» እላለሁ። ብዕሩን የነጠቀኝ ከምንም በላይ ይሄ ነው። ሁለተኛውን 500 ብቻ አሳተምኩ። እርግጥ ድጋሚ ሲታተም ዋጋው ጨምሮ ጠበቀኝ። ልዩነቱን ከፍዬ እግር መዘርጊያ ገዛሁ ብል ይቀላል።

የመደብሩን ድርሻም አስቀድመው ያስሉ። ሽፋኑ ላይ 400 ብር ቢጻፍና መደብሩ 30 በመቶ ቢወስድ የሚደርስዎት 280 ነው፤ የኅትመቱ ወጪ የሚነሳው ከዚያ ላይ ነው።

የሰው እትም መቁጠር

ሽፋን ላይ «7ኛ እትም» አይቶ መብሰልሰል የሚያውቅ ያውቀዋል። እትም ስንት ቅጂ እንደሆነ ግን ቁጥሩ አይናገርም፤ 300 ሊሆን ይችላል፣ 5000ም ሊሆን ይችላል።

ጸሐፊነቱን ትቶ ሂሳብ ሰብሳቢ መሆን

ብዙ መደብሮች የሚረከቡት «ሲሸጥ እንከፍላለን» ብለው ነው። እኔ ለ60 ቅጂ ሂሳብ አንድ ቦታ 11 ጊዜ ተመላልሻለሁ። ወይ ባለቤቱ የለም፣ ወይ ሒሳብ ሠራተኛዋ ምሳ ወጥታለች። ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ ብዛቱና ቀኑ የተጻፈበት፣ የተቀባዩ ፊርማ ያለበት ወረቀት አልያዝኩም።

ከወረቀቱ ይበልጥ የጠቀመኝ ግን ቀን መለየት ነው። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ስልክ አልከፍትም፤ እጽፋለሁ፤ ጽሑፉ እምቢ ካለኝም የትናንቱን አነባለሁ እንጂ አልነሳም። መደብር፣ አዟሪ፣ ሂሳብ፣ ፌስቡክ ለቅዳሜ ናቸው። ቅዳሜ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ለሚቀጥለው ቅዳሜ። ብሩ የትም አይሄድም፤ ወይም ድሮውኑ ሄዷል።