ውሃው አለ፣ ዲናሞው ግን ቆሟል፦ የነርቭ ከረጢቶች ችግርና መፍትሄ

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቧንቧው ሲደርቅ አፋችን ላይ የሚመጣው «ውሃ ጠፋ» ነው። ቧንቧ ሰራተኛው ግን እንዲህ ብሎ አይጀምርም። ዲናሞውን ጠጋ ብሎ ያዳምጣል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሮቶውን በጣቱ ያንኳኳል። ውሃው ግቢ ድረስ መጥቶ ዲናሞው ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ሮቶው ጢም ብሎ ሞልቶ ቧንቧው ተደፍኖም ሊሆን ይችላል። ምልክቱ አንድ ነው፣ ጥገናው ግን ለየቅል።

ስለ ድብርት ወይም ስለ ፓርኪንሰን ሲወራ ሁሌ የምሰማው «ዶፓሚን አንሶት ነው»፣ «ሴሮቶኒን አንሷት ነው» የሚለውን ነው። እውነቱን ለመናገር ይሄ አባባል ያናድደኛል። የት ጋ ነው ያነሰው? ሳይመረት ቀርቶ ነው? ተመርቶ ሳይከማች? ተከማችቶ ሳይለቀቅ?

መጀመሪያ ጤነኛውን እንይ

የነርቭ ሴል ጫፍ ላይ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። ቬሲክል ይባላሉ። የአንዱ ስፋት ወደ 40 ናኖ ሜትር ነው። በአንድ ፀጉር ውፍረት ላይ ጎን ለጎን ቢደረደሩ ወደ 2,000 ይይዛል። መልእክት አድራሾቹ ኬሚካሎች፣ ማለትም ዶፓሚን፣ ሴሮቶኒን፣ አሴቲልኮሊን፣ ግሉታሜት እና ሌሎቹ የሚጠራቀሙት እዚህ ነው።

አሞላሉ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ዲናሞው ይሰራል። ቪ-ኤቲፔዝ የሚባል ፕሮቲን ነው። የሴሉን ነዳጅ ኤቲፒን እያቃጠለ ፕሮቶን ወደ ከረጢቱ ይገፋል። በዚህ የተነሳ የከረጢቱ ውስጥ ይኮመጥጣል። ፒኤቹ (የኩምጠጣ መለኪያው፣ ሲያንስ ኩምጠጣው ይብሳል) 5.6 አካባቢ ይሆናል፣ የውጭው ደግሞ 7.2 ገደማ ነው። የፕሮቶን ክምችቱ ወደ 40 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። የሚገርመው አንድ ከረጢት ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ወይም ሁለት ዲናሞ ብቻ መሆኑ ነው። መጠባበቂያ የለም ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ በር ጠባቂው ይመጣል። የታመቀው ፕሮቶን መውጣት ይፈልጋል። በር ጠባቂው ፕሮቶኑን ያስወጣና በምትኩ ኬሚካሉን ያስገባል። ለዶፓሚን፣ ለሴሮቶኒንና ለኖርአድሬናሊን የአንጎሉ በር ጠባቂ ቪማት 2 ይባላል። ሁለት ፕሮቶን ሲወጣ አንድ ዶፓሚን ይገባል። አሴቲልኮሊን፣ ግሉታሜትና ጋባ የየራሳቸው በር ጠባቂ አላቸው።

ውጭ የቀረ ዶፓሚን ዕድሜ የለውም። ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ይፈጨዋል። ካልተፈጨም ኦክሳይድ ሆኖ ሴሉን ይጎዳል። ስለዚህ ከረጢቱ ዕቃ ማስቀመጫ ብቻ አይደለም፣ መከላከያም ነው።

ምልክት፦ ሰውየው ዝግ ብሏል፣ ግፊቱ ወርዷል፣ ደብቶታል። ምርቱ ግን ደህና ነው

መንስኤ፦ በር ጠባቂው ተዘግቷል።

ጥንታዊው ምሳሌ ሬዘርፒን ነው። ሕንድ ውስጥ ለዘመናት መድኃኒት ሆኖ ከኖረ ተክል የወጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለደም ግፊት በሰፊው ይሰጥ ነበር። ሬዘርፒን ቪማትን ጨብጦ አይለቅም። ዲናሞው ይሰራል፣ ዶፓሚንም ይመረታል፣ ግን አይገባም። ያልገባው ይፈጫል። ኖርአድሬናሊን ደግሞ ጭራሽ አይሰራም። ምክንያቱም ዶፓሚንን ወደ ኖርአድሬናሊን የሚለውጠው ኢንዛይም ያለው ከረጢቱ ውስጥ ነው። ግፊቱ የሚወርደውም ለዚህ ነው። አንዳንድ ታካሚዎች ላይ የታየው ድብርትም ሳይንቲስቶችን ብዙ አነጋግሯል።

ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1957 ሬዘርፒን የተሰጣቸውን እንስሳት ይዞ ሞከረ። ጥንቸሎቹ ጆሯቸው ተንጠልጥሎ፣ ፍዝዝ ብለው ተቀምጠዋል። የዶፓሚን ጥሬ ዕቃ የሆነውን ኤል-ዶፓ ወጋቸው። ተነስተው መንቀሳቀስ ጀመሩ! ለፓርኪንሰን ሕክምና መንገድ የከፈተው ይህ ነው። ካርልሰንም እ.ኤ.አ. በ2000 ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ኖቤል ተሸለመ።

ግን ልብ በሉ። የጥንቸሎቹ ከረጢት አልተጠገነም። በአንድ ጊዜ ብዙ ዶፓሚን ሲመረት ማከማቻ ባይኖረውም ሞልቶ ይፈሳል። ኤል-ዶፓው ሲያልቅ ጥንቸሎቹ ተመልሰው ይፈዛሉ።

መፍትሄ፦ መድኃኒቱን ማቆም፣ በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ። ቆሞም ቢሆን ወዲያው አይሻልም። ተይዞ የቀረው በር ጠባቂ በአዲስ እስኪተካ ቀናት ይፈጃል።

ምልክት፦ ፓርኪንሰን ይመስላል፣ ታማሚዎቹ ግን ልጆች ናቸው። ኤል-ዶፓ ሲሰጣቸው ባሰባቸው

ይህን ታሪክ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ነው። በአንድ የሳውዲ ቤተሰብ ውስጥ ስምንት ልጆች እንቅስቃሴያቸው ታስሮ፣ እድገታቸው ዘግይቶ፣ ስሜታቸውም ተዛብቶ ነበር። ምልክቱን ያየ ሁሉ «ዶፓሚን አንሷቸዋል» ማለቱ አይቀርም። ግን ጥሬ ዕቃው ሲጨመርላቸው ይባስ ብሎ ተባባሰ።

መንስኤ፦ የቪማት 2 ዘረመል ላይ አንድ ፊደል ተቀይሯል። በር ጠባቂው ከውልደቱ ጀምሮ ሰንፏል። የሮቶው መግቢያ በተደፈነበት ቤት ውሃ በቦቴ ቢመጣ ምን ይጠቅማል? ግቢው በጭቃ ይሞላል እንጂ አራተኛ ፎቅ አይደርስም።

መፍትሄ፦ ከረጢቱን ማለፍ። ሐኪሞቹ ዶፓሚንን ከመጨመር ይልቅ ዶፓሚንን መስሎ ተቀባዩን በቀጥታ የሚነካ መድኃኒት ሰጧቸው። ፕራሚፔክሶል ይባላል። ማከማቻ አያስፈልገውም። ልጆቹ በፍጥነት መራመድ ጀመሩ፣ የቆመው እድገታቸውም ቀጠለ። ባልዲ ይዞ ደረጃ እንደ መውጣት ቁጠሩት። አያምርም፣ ግን ውሃው ይደርሳል።

ምልክት፦ እጅና እግር ያለ ፈቃድ ይወራጫል፣ ፊት ይጨማደዳል

መንስኤው የሀንቲንግተን በሽታ (በዘር የሚወረስ የአንጎል ሕመም) ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ከመውሰድ በኋላ የሚመጣ የእንቅስቃሴ መዛባት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ መፍትሄው የሬዘርፒንን ጥፋት አውቆ በልክ መድገም ነው። ቴትራቤናዚን ቪማት 2ን ይዘጋል፣ ግን ጨብጦ አይቀርም፣ ይለቃል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 ለሀንቲንግተን ተፈቀደ። ዘመዱ ቫልቤናዚን በ2017 ተከተለ፣ መጀመሪያ የተፈቀደው ግን ከአእምሮ ሕመም መድኃኒት ለሚመጣው መዛባት ነው። ድብርት ሊያመጣ ስለሚችል ታማሚውን በቅርብ መከታተል ግድ ነው።

ምልክት፦ ማታ ምርቃና፣ ጠዋት ድብርት

ይሄኛውን ለማብራራት ሩቅ አልሄድም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱም ዶፓሚንን ከነርቭ ጫፍ ያስወጣሉ። አምፌታሚን ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ ኩምጠጣውን ያረክሳል። ኩምጠጣው ሲረክስ የተከማቸው ይንጠባጠባል፣ በኋላም የተለቀቀውን ዶፓሚን ወደ ሴሉ የሚመልሰው በር ወደ ኋላ ዞሮ ወደ ውጭ ያፈሰዋል። ካቲኖን ቅጠሉ ሲደርቅ ወደ ደካማ ነገር ይለወጣል። ጫት ሻጩ በኮባ ጠቅልሎ ውሃ የሚረጨው ኬሚስትሪ ተምሮ አይደለም፣ ነገሩ ግን ኬሚስትሪ ነው።

መፍትሄ፦ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጊዜ። ጨብሲ ሮቶውን አይሞላም። አልኮሉ የሚሰራው ሌላ ቦታ ነው። ቀጥሎ ሌላ ዙር መቃምም ያው ባዶ ሮቶ መጭመቅ ነው።

ምልክት፦ ከረጢቱ ሙሉ ነው፣ መልእክት ግን አይወጣም

ከረጢቱ ይዘቱን የሚለቀው ከሴሉ ሽፋን ጋር ሲዋሃድ ነው። ለመዋሃድ እንደ ገመድ የሚጠመዘዙ ፕሮቲኖች አሉት። አንዱ ሲናፕቶብሬቪን ነው። የመንጋጋ ቆልፍ መርዝ ይህን ይቆርጣል። ቢ የሚባለው የቦቱሊነም መርዝም እዚያችው ነጥብ ላይ ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ1992 ይህ ሲታወቅ ብዙዎችን አስገርሟል፣ ምክንያቱም ሁለቱ በሽታዎች ተቃራኒ ናቸው። ቦቱሊነም ጡንቻ ያልፈሰፍሳል፣ መንጋጋ ቆልፍ ያገትራል። ልዩነቱ አድራሻ ነው። ቦቱሊነም የሚቆርጠው ጡንቻው አጠገብ ነው። ሌላኛው በነርቩ ተሳፍሮ አከርካሪ ድረስ ይወጣና «ተው» የሚለውን መልእክት የሚልኩትን ሴሎች ያፍናል። ፍሬኑ የተበጠሰ መኪና ይሆናል።

መፍትሄ፦ ፀረ-መርዙ የሚይዘው ገና ነርቭ ውስጥ ያልገባውን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሰዓት ይወስናል። የገባው ጉዳት እስኪጠገን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ትንፋሹን መጠበቅ ያስፈልጋል። በነገራችን ላይ መንጋጋ ቆልፍ ታሞ መዳን ለቀጣዩ አያስመልጥም። የዳነም ሰው መከተብ አለበት።

ገመዱ ደህና ሆኖ ትዕዛዙ የማይደርስበትም ጊዜ አለ። ከረጢቱ እንዲለቅ የሚያዘው ካልሲየም ነው። በላምበርት-ኢተን በሽታ ሰውነት የራሱን የካልሲየም በሮች ያጠቃል። ታማሚው ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። ሐኪሙ ጉልበቱን በመዶሻ መታ ያደርጋል፣ እግሩ ዝም። ከዚያ «ለአስር ሰከንድ በሙሉ ኃይልህ ግፋ» ይለዋል። ወዲያው እንደገና መታ ሲያደርግ እግሩ ይፈናጠራል። ሲገፋ ካልሲየም ተጠራቅሟላ። ተቀባዩ ጋ ችግር ባለበት በማያስቴኒያ ግራቪስ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ በተጠቀመ ቁጥር ይደክማል። ለመጀመሪያው አሚፋምፕሪዲን፣ ለሁለተኛው ፒሪዶስቲግሚን ይታዘዛል። እግሩ የተፈናጠረው ሰው ግን ክኒኑን ይዞ ወደ ቤቱ አይሄድም። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ከሳንባ ካንሰር ጋር ስለሚመጣ መጀመሪያ ደረቱ በምስል ይመረመራል።