ያገለገለ ፎር ዊል ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ከሥሩ ግቡ

አብዛኛው ገዢ መኪና ማየት የሚጀምረው ከቀለሙና ከወንበሩ ነው። ለፒክአፕና ለፎር ዊል መኪና ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ መጀመሪያ ሻንሲ (አካሉና ሞተሩ የሚያርፉበት የብረት መሠረት)፣ ከዚያ አክስልና ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው የማርሽ ቤት)፣ ቀጥሎ ሞተርና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፣ ቀለም በመጨረሻ። የተጫረ በር በቀላሉ ይስተካከላል፤ ሞተርም ይታደሳል። የበሰበሰ ወይም የተጣመመ ሻንሲ ግን አካሉን በሙሉ አንስቶ መሥራት ስለሚጠይቅ ወጪው ከመኪናው ዋጋ ጋር ሊወዳደር ይችላል።

የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ መዶሻ፣ ካቻቢቴ፣ ሜትር፣ ማግኔትና ነጭ ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ። ለሻጩም እስክትደርሱ ድረስ ሞተሩን እንዳያስነሳ አስቀድማችሁ ንገሩት። ስትደርሱ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን በእጅ ቀረብ ብላችሁ ሞክሩት፤ ሞቆ ካገኛችሁት ሌላ ቀን ተመለሱ። ቀዝቃዛ ሞተር የሚያሳየውን ችግር የሞቀ ሞተር ይደብቃል።

ሻንሲ

መኪናው ሥር ስትገቡ ክሪክ ብቻ አትመኑ፤ ጠንካራ ማስደገፊያ ይኑር። ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ በመዶሻ እየነካችሁ ሂዱ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተበላ ደግሞ ደብዘዝ ያለ፣ ልክ ካርቶን እንደመምታት ያለ ድምፅ። የተጠራጠራችሁበትን ቦታ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን በሉት። ዝገት የሚወዳቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ከኋላ አክስሉ በላይ ሻንሲው የሚታጠፍበት፣ ባሌስትራው (ተደራርቦ አክስሉን የሚይዘው ቅጠል ስፕሪንግ) የሚያያዝበት፣ ጭቃ የሚከማችበት የሻንሲው ውስጠኛ ክፍል፣ አካሉ በጎማ ላይ የሚያርፍባቸው እግሮች። ላይ ላዩን የሚታይ ቀይ ዝገት አያስፈራም። የሚያስፈራው እንደ ቅርፊት እየተነሳ የሚወድቀው ነው። ከሥር አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ አሮጌ መኪና ካያችሁ ምን እንደተሸፈነ ጠይቁ፤ ግልጽ መልስ ካላገኛችሁ ተዉት።

ጉዳዩ የአሮጌ መኪና ብቻ አይደለም። ቶዮታ በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በታኮማ፣ በቱንድራና በሴኮያ መኪኖች ሻንሲ ዝገት ምክንያት እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል የፍርድ ቤት ስምምነት ላይ ደርሷል። የፋብሪካ ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

መጣመሙን ለማወቅ ሜትሩን አውጡ። መኪናው ሜዳ ላይ መሪው ቀጥ ብሎ ሲቆም ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል በግራም በቀኝም ለኩ። ልዩነቱ ከ1 ሴንቲሜትር ካለፈ የባሌስትራው መሐል ብሎን ተቆርጦ አክስሉ ተንሸራቷል፣ አለዚያ መኪናው ከባድ ግጭት ደርሶበታል። የመጀመሪያው ቀላል ጥገና ነው፣ ሁለተኛው አይደለም። የሻንሲ ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። በዓለም አቀፍ መስፈርት የተሠራ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ አለው፤ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደሎች በውስጡ አይገቡም። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ግን አጠር ያለ ቁጥር ስላላቸው በዚህ ብቻ አትፍረዱ። በቁጥሩ ዙሪያ የተሞረደ ወይም የተበየደ ብረት ካለ ድርድሩን እዚያው አቁሙ።

አክስልና ዲፈረንሻል

ፎር ዊልን ከሌላ መኪና የሚለየው ይህ ክፍል ስለሆነ ጊዜ ስጡት። የዲፈረንሻሉን የዘይት መሙያ ብሎን አስከፍታችሁ ጣታችሁን አስገቡና ዘይቱን በነጭ ጨርቅ ላይ አብሱት። ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቷል። የዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ቱቦ መደፈኑ ወይም መውደቁ ነው፦ የሞቀ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ በቱቦው አየር መግባት ስላልቻለም ውኃ በማኅተሙ (ዘይት እንዳይፈስ በሚያግደው ጎማ) በኩል ይሳባል። ደቃቅ ብልጭልጭታ ከአገልግሎት የሚመጣ ነው፤ በጣት የሚያዝ የብረት ቁራጭ ግን ጥርሱ እየተሰበረ መሆኑን ይናገራል።

የፊት አክስሉ ድፍን ከሆነ፣ ጎማው በሚታጠፍበት በኩል ያለውን ክብ ኳስ ተመልከቱ። ቀጭን የግሪስ ሽፋን መኖሩ ጥሩ ነው። ቀጭን ጥቁር ፈሳሽ እየወረደ ከሆነ ግን የውስጡ ማኅተም አርጅቶ የዲፈረንሻል ዘይት ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሏል። ማኅተሙ ራሱ ርካሽ ነው፤ ሥራው ግን ጎማ፣ ፍሬንና አክስል ማውጣት ይጠይቃል።

ከዚያ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሱና ላይና ታች ይዛችሁ ወዝውዙት። የሚንቀሳቀስ ከሆነ ኩሽኔታው ልል ነው ወይም ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ ተበልቷል። ግራና ቀኝ ይዛችሁ ስትወዘውዙት ብቻ ካንቀጠቀጠ ችግሩ የመሪ ዘንጉ መጋጠሚያ ላይ ነው። ይህን ያለፉ ብዙ ሰዎች በኋላ ከጉድጓድ ወጥተው በ80 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ መሪው በእጃቸው ላይ በኃይል ሲርገበገብ ያገኙታል።

ጎማዎቹ ላይ ያለውን ባለ 4 አኃዝ ቁጥር አንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። አራቱም ልካቸው እኩል ይሁን። መጠናቸው ወይም መበላታቸው የተለያየ ከሆነ ፎር ዊሉ ሲገባ ዘንጎቹ ተጣልተው ትራንስፈሩን (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ አክስል የሚያከፋፍለውን የማርሽ ሳጥን) ይጎዱታል።

ሞተርና ካምቢዮ

የራዲያተር ክዳን በሞቀ ሞተር ፈጽሞ አይከፈትም፤ በቀዝቃዛው ክፈቱት። ውኃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይም የዘይት መለኪያ ዘንጉ ላይ ወተት የመሰለ አረፋ ካለ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ችግር ነው። ክዳኑ ላይ ብቻ ትንሽ አረፋ መኖሩ በአጭር ጉዞ ብቻ የሚሠራ መኪና ላይም ይታያል፤ ለዚያ አትደንግጡ።

አስነሱትና ጭሱን ተመልከቱ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይቆም ነጭ ጭስ ውኃ እየገባ መሆኑን ይጠቁማል። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍታችሁ እጃችሁን ጠጋ አድርጉ፤ ኃይለኛ ትንፋሽ የሚገፋችሁ ከሆነ የፒስቶን ቀለበቶቹ አርጅተዋል። የታይሚንግ ቺንጊያ (የሞተሩን ቫልቮች ከፒስቶኖቹ ጋር አስማምቶ የሚያንቀሳቅስ ቀበቶ) ያለው ሞተር ከሆነ መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ጠይቁ፤ ሳይቀየር ቆይቶ ከተበጠሰ በብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። ማስረጃ ከሌለ የመቀየሪያውን ወጪ በዋጋው ላይ አስሉት።

ለማኑዋል ካምቢዮ የእጅ ፍሬን ስባችሁ በ3ኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ አልቋል። አውቶማቲክ ከሆነ ዘይቱ ቀላ ያለ መሆን አለበት፤ ቡናማ ሆኖ የመቃጠል ሽታ ካለው ሌላ መኪና ፈልጉ።

ፎር ዊሉን መፈተን

ብዙ ሻጮች ማርሹን አስገብተው መብራቱ ሲበራ «ይሠራል» ይላሉ። መብራቱ ማስረጃ አይደለም። ደረቅ አስፋልት ላይ አትፈትኑት፦ ሲያስፈልግ ብቻ በሚገባው በተለመደው የፎር ዊል ዓይነት ፊትና ኋላ ዘንጎቹ አብረው ስለሚቆለፉና በመታጠፊያ ላይ የፊት ጎማ ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄድ፣ ማርሹ ላይ ከባድ ጫና ይፈጠራል። ጠጠር መንገድ ፈልጉ፤ ፊት ጎማው ላይ በእጅ የሚቆለፍ ካለ ቆልፉት፤ መሪውን እስከ ዳር አዙራችሁ በእግር ፍጥነት ሂዱ። መኪናው እንደተያዘ ሆኖ ጎማዎቹ ጠጠሩን ከፈጩት የፊቱ እየሠራ ነው። ከዚያ ቁሙ፣ ማርሹን ባዶ (ኒውትራል) ላይ አድርጉና ሪዶታውን (ዝቅተኛውን የፎር ዊል ማርሽ) አስገቡ። ኃይሉን ብዙውን ጊዜ ወደ 2.5 እጥፍ ገደማ ስለሚያበዛው ዳገት ላይ መኪናው በጣም ቀስ ብሎ ግን ያለ ጭንቀት መውጣት አለበት። በጋዝ ስትጫኑት ማርሹ ራሱ የሚወጣ ከሆነ ትራንስፈሩ ውስጥ ችግር አለ።

ከጉዞው ስትመለሱ ሥሩ ካርቶን አንጥፋችሁ 10 ደቂቃ አቁሙትና በትኩሱ እንደገና አስነሱት። ቀዝቃዛው በደንብ ተነስቶ የሞቀው ለመነሳት የሚያስቸግር የናፍጣ ሞተር ብዙ ጊዜ የናፍጣ ፓምፑ ወይም ኢንጀክተሮቹ አርጅተዋል፤ ካርቶኑ ላይ የተንጠባጠበውንም ቀለሙን አይታችሁ ከየት እንደመጣ ከማወቃችሁ በፊት ቀብድ አትክፈሉ።