ባዶ ግድግዳ ለማይወዱ

ባዶ ግድግዳ ሳይ ይጨንቀኛል። ቤት ሞላ፣ ደመቅ ሲል ነው ደስ የሚለኝ። ግን ማድመቅና ማዝረክረክ ለየቅል ናቸው።

መጀመሪያ ሦስት ቀለም ምረጡ። የእኔ ጥቁር አረንጓዴ፣ የሰናፍጭ ቢጫና የሸክላ ቀይ ናቸው። እያንዳንዱ ቀለም ቢያንስ ሦስት ቦታ ይታይ፦ መጋረጃው ላይ፣ ትራሱ ላይ፣ የአበባ ማስቀመጫው ላይ።

ጥለት ስትደባልቁ መጠኑን ለያዩ። ምንጣፉ ትልልቅ አበባ ካለው ትራሶቹ ቀጭን መስመር ወይም ጥቃቅን ነጥብ ይሁኑ። አንዴ ሁሉንም ትልልቅ አበባ አድርጌ፣ ሶፋው የት እንዳለ ጠፋኝ!

ስዕሎቹን ከመስቀላችሁ በፊት መሬት ላይ ደርድሯቸው። ትልቁን መሃል ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት። በፍሬሞቹ መካከል ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ተዉ። ከዚያ በልካቸው ወረቀት ቆርጣችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉና ሁለት ቀን እዩት። እኔ ይህን ባለማድረጌ 11 የሚስማር ቀዳዳ በስቱኮ ደፍኛለሁ።

የጣሪያው አምፖል ብቻውን አይበቃም። ማዕዘኖቹ ላይ ሁለት ሦስት የጠረጴዛ መብራት አድርጉ፤ አምፖሉ 2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) አካባቢ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ሞቅ ያለ ብርሃን ይሁን።

አንድ ቦታ ግን ባዶ ተዉ። የእኔ ሶፋው ፊት ያለው ጠረጴዛ ነው። ሻይ የማስቀምጥበት ካጣሁማ ምኑን ቤት ሆነ?