ጎዳና ላይ ካሉ ልጆች ጋር በበጎ ፈቃድ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቃል ገብቶ መጥፋት

ይህንን አስቀድማለሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁና። አዲስ አበባ ውስጥ ልጆች ቀን ቀን እየመጡ የሚታጠቡበት፣ የሚበሉበትና ፊደል የሚቆጥሩበት አንድ ግቢ አለ። እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ አስጠና ነበር። ከልጆቹ አንዱ የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ ነው። የሊስትሮ ሳጥኑን በሁለት እግሮቹ መሃል አጥብቆ ይዞ ነው የሚያነበው፤ እንዳይወሰድበት።

አንድ ቀን ስወጣ «በሚቀጥለው ቅዳሜ ደብተር አመጣልሃለሁ» አልኩት። ከዚያ ሥራ በዛብኝና ሦስት ሳምንት ቀረሁ። ስመለስ ደብተሩን ሰጠሁት። ተቀበለኝ፣ አመሰገነኝ፤ አጠገቤ ግን አልተቀመጠም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋቱን ሙሉ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ እንደነበር የነገረችኝ የግቢው ሠራተኛ ናት። ጫማ ሳይጠርግ። ለእሱ ያ ጠዋት የራት ገንዘብ ነው።

እነዚህ ልጆች ከትልልቅ ሰዎች ብዙ «እመጣለሁ» ሰምተዋል። ስለዚህ የሚችሉትን ብቻ ይናገሩ። የሚችሉት በወር አንድ ቀን ከሆነ አንድ ቀን ይበሉ፤ ያቺን ቀን ግን አይቅሩ። የግድ የሚቀሩ ከሆነ አስቀድመው ይደውሉ፣ መልእክቱም ልጁ ዘንድ ይድረስ። ጨርሰው ሲያቆሙም መጥተው ይሰናበቱት።

በበዓል ብቻ መምጣት

ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ግቢው በሰው ይሞላል። ዳቦው፣ ዶሮው፣ ልብሱ ይጎርፋል። ልጆቹ ደስ ይላቸዋል፤ ደስ ሊላቸውም ይገባል። ሐምሌ ላይ ግን ማንም የለም። በረንዳ ለሚያድር ልጅ ደግሞ ከሐምሌና ከነሐሴ የከፋ ጊዜ የለም። የሚተኛበት ካርቶን ይበሰብሳል። የሚለብሰው ማዳበሪያ ይርሳል። ማስቲሽ የሚስቡት ልጆች ለምን እንደሚስቡ ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ መልሳቸው ብርድና ረሃብ ነው። የሚለግሱት ብርድ ልብስ ካለ፣ ለገና ከማምጣት ለሰኔ መጨረሻ ቢያቆዩት ይሻላል።

ፎቶ

«ለማስታወሻ ነው» እንላለን። ዳቦ የያዘ ትልቅ ሰው «ፎቶ ላንሳህ» ሲለው ልጁ እምቢ የማለት አቅም አለው ወይ? ፈገግ ብሎ ይቆምልዎታል። ያ ምስል ግን ቲክቶክ ላይ ይወጣል። ልጁ ከዓመታት በኋላ ከጎዳና ወጥቶ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ የክፍል ጓደኛው ስልክ ላይ ያገኘዋል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከት ማንኛውም እርምጃ ሲወሰድ የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበት ይናገራል። ስልክዎን ኪስዎ ውስጥ ይተዉት።

«እናትህ የት ናት?» ብሎ መጀመር

በመጀመሪያው ቀን የልጁን ታሪክ አይጠይቁ። ጎዳና ላይ ያለ ሁሉ ወላጅ አልባ አይደለም። ቀኑን ሶፍትና ማስቲካ ሲሸጡ ውለው ማታ ቤታቸው የሚገቡ አሉ። የእንጀራ አባት ዱላ ያስወጣቸው አሉ። ሥራ ፍለጋ ከታላቅ ወንድማቸው ጋር የመጡም አሉ። ሲያምንዎት ራሱ ይነግርዎታል። እስከዚያ ኳስ ይጫወቱ፣ ዳማ ይጫወቱ። እና እባክዎን «ቦርኮ» አይበሉት፤ በቀልድም ቢሆን። ስሙን ይጥሩት።

በእጁ ብር መስጠት፣ ለብቻው መውሰድ

ብሩን ማታ ላይ ትልልቆቹ ሊቀሙት ይችላሉ። አዲስ ጫማም እንዲሁ። መስጠት ከፈለጉ በድርጅቱ በኩል ይሁን። ልጁን ቤትዎ ወስደው ማሳደር ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ልብዎ ቢራራም። ከልጅ ጋር ዘግተው ብቻዎን አይሁኑ። ጥሩ ድርጅት ዋስና መታወቂያ ይጠይቅዎታል፣ የሥነ ምግባር ደንብ ያስፈርምዎታል። ይህን ሲያደርግ አይቀየሙ። ምንም ሳይጠይቅ ልጆቹ መሃል የሚያስገባዎትን ነው መፍራት።

አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ «አገሩ ገባ» ማለት

ወላይታም ይሁን ጎጃም፣ ልጁን ያስወጣው ነገር ካልተለወጠ ትኬት ብቻውን አያቆየውም። በሁለተኛው ወር አውቶቡስ ተራ ያገኙታል። ደኅና የሚሠሩት መጀመሪያ ቤተሰቡን ፈልገው ያነጋግራሉ። እናቲቱ ጉልት የምትነግድበት መነሻ ገንዘብ ያገናኟታል። ትምህርት ቤት ያስመዘግቡታል፣ ከዚያም እየሄዱ ይጠይቁታል። ጊዜ ይፈጃል። እርስዎ «ይሄ ልጅ እስካሁን እዚህ ምን ይሠራል?» ብለው ሠራተኞቹን አያጣድፏቸው።

መሥሪያ ቤትዎን ይዘው ሲመጡ

ድርጅቱ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን አስቀድመው ያጣሩ። ከዚያ በኋላ የማየው ትልቁ ስህተት የአንድ ቀን ዘመቻ ነው። አንድ ዓይነት ቲሸርት፣ ባነር፣ ኬክ፣ ንግግር። የቲሸርቱ ወጪ ብቻ የአንድ ነርስ የወር ደሞዝ ሊሆን ይችላል። «ለምግብ እንጂ ለደሞዝ አንከፍልም» የሚሉም ብዙ ናቸው። ሌሊት በባትሪ በረንዳ ለበረንዳ እየዞረ ልጆቹን በስማቸው የሚቀሰቅሰው ሰው ግን የቤት ኪራይ አለበት። ጋራዥ ካለዎት ሁለት ወጣት ተቀብለው ሙያ ያስተምሩ፣ እያስተማሩም ይክፈሏቸው። ሆቴል ካለዎት የተረፈውን ቡሌ አይላኩ፤ ለእንግዳ የሚያቀርቡትን ምግብ ይላኩ።

ስብሰባው ላይ የድርጅቱን ኃላፊ አንድ ጥያቄ ይጠይቋት፦ «ሐምሌ ላይ ምን ይጎድላችኋል?»