በታንጎ ምሽት የሌላውን ምርጫ የሚጥሱ ስህተቶች

በመጀመሪያ የማነሣው፣ ጀማሪውም ነባሩም ደጋግሞ ሲፈጽመው አይቼ ዝም ማለት ያልቻልሁትን ስህተት ነው፤ እርሱም እስከ ሰው ወንበር ድረስ ሄዶ፣ ከፊት ቆሞ፣ ለዳንስ እጅ መዘርጋት ነው። በቡዌኖስ አይረስ ሚሎንጋዎች፣ ማለትም ታንጎ የተባለው የጥንድ ዳንስ በሚደነስባቸው ምሽቶች፣ በልማድ ግብዣ የሚቀርበው ከሩቅ በዓይን ነው። የተመለከታችሁት ሰው ዓይኑን ከመለሰላችሁና ሁለታችሁም ራሳችሁን ነቅነቅ ካደረጋችሁ ተስማምታችኋል፤ ፊቱን ካዞረ ደግሞ ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳያፍር ነገሩ እዚያው ያበቃል። ካቤሴኦ የሚባለው ይህ ልማድ ጥቅሻ አይደለም፤ ሰው ያለ ጭንቀት እምቢ እንዲል የተበጀ መንገድ ነው። በይሉኝታ ያደግን ሰዎች ፊታችን የቆመን ሰው መመለስ ስለሚከብደን፣ በተዘረጋ እጅ የሚገኝ እሺታ ብዙ ጊዜ ፈቃድ አይደለም። አንድ ምሽት አንዲት ተማሪዬ እንዲህ ተነሥታ ሙሉ ታንዳ፣ አራት ተከታታይ ዜማ፣ ትከሻዋ ተወጥሮ ስትደንስ አየኋት። ስትመለስ «ጉልበቴን እያመመኝ ነበር፤ ግን ቆሞ ሲጠብቀኝ ምን ልበለው?» አለችኝ። ከዚህ የሚብሰው፣ እምቢ ከተባሉ በኋላ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ደክሟት ይሆናል፤ ዜማውን ከሌላ ሰው ጋር መደነስ ፈልጋ ይሆናል፤ ከእናንተ ጋር መደነስ አትሻም ይሆናል። የትኛውንም የመናገር ግዴታ የለባትም።

ሁለተኛውን ስህተት እኔ ራሴ ፈጽሜዋለሁ። የተማርሁት ደረት ከደረት በሚገናኝበት በቅርብ እቅፍ ስለ ነበር፣ ለዓመታት ትክክለኛው ታንጎ እርሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንዲት ሴት ግራ እጇን ጀርባዬ ላይ በማሳረፍ ፈንታ ቀኝ ክንዴ ላይ አድርጋ በመካከላችን አንድ ስንዝር ያህል ስትተው፣ ያላወቀች መስሎኝ ወደ እኔ ሳብኋት። መዳፏ ክንዴን ገፋ አደረገው፤ እኔም እንደገና ሳብሁ። ሁለተኛው ዜማ እንዳለቀ «ግራሲያስ» ብላኝ ሄደች። ቃሉ በስፓኒሽ «አመሰግናለሁ» ማለት ቢሆንም፣ በታንዳ መካከል ሲነገር «ይበቃኛል» ማለት ነው። መዳፏ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ የነገረኝን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ እዚያ ባልደረስን ነበር። ርቀቱን መወሰን ያለበት ሰፋ ያለ ቦታ የፈለገው ሰው ነው።

በዳንሱ ወለል ላይ አጣማሪን ማረም ፈጽሞ አይገባም፤ ከተጠየቃችሁ በልምምድ ሰዓት ንገሩ።

የሙዚቃ ምርጫም አለ። «የምት ንጉሥ» የተባለው የኦርኬስትራ መሪ የኹዋን ዳርየንሶ ሙዚቃ ሲጀምር ወዲያው የሚነሣ ሰው፣ የኦስቫልዶ ፑግሊየሴ ከባድና ፍጥነቱ የሚለዋወጥ ሙዚቃ ሲመጣ ሊቀመጥ ይችላል፤ የአስቶር ፒያሶላን ሥራዎች ለመስማት እንጂ ለመደነስ የማይወድም ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ችሎታ አነሰው ብሎ መናገር ስህተት ነው።

ሴት ስትመራ ወይም ወንድ ሲከተል አይታችሁ አጣማሪ ያጡ አይምሰላችሁ፤ ሚናውን ወደውት ነው።

አዲስ ለጀመራችሁ ደግሞ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ረጅም ሰዓት መቀመጥ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ታንዳዎቹን የሚለየው አጭር ሙዚቃ፣ ኮርቲናው፣ ሲሰማ ከስልካችሁ ቀና በሉና ለግብዣው ዓይናችሁ እንዲታይ ብርሃን ባለበት ቦታ ተቀመጡ። በዚያን ጊዜ አንገቱን ደፍቶ የሚያወራ ሰው ይህን ታንዳ መቀመጥ ፈልጓል፤ ዞራችሁ በሌላ በኩል አትምጡበት።